ቀናተኛው ጃክና ሁለቱ ድንጉጦች

ጥያቄ (ከረጅም ደብዳቤ የተቀነጨበ)፦ «እትዬ፣ እንደምን ሰነበቱ። የምኖረው ቀበና ነው፣ ከእናቴና ከወንድሜ ጋር። ጃክ የሚባል የስድስት ዓመት ወንድ ውሻ አለን። በ2017 መጀመሪያ ካዛንቺስ ሲነሳ ሁለት ውሾች ፍርስራሹ ውስጥ ቀሩ፤ ባለቤቶቻቸው ኮንዶሚኒየም ገቡ መሰለኝ። ከሥራ ስመለስ እያበላኋቸው ቆየሁና ከሦስት ሳምንት በፊት ወደ ግቢያችን አስገባኋቸው። ወንዱን ቡቺ፣ ሴቷን ዳማ ብለናቸዋል። ሁለቱም በጣም ድንጉጥ ናቸው፤ ዳማማ ከእንጨት ክምሩ ሥር አትወጣም። ጃክ ደግሞ ሳህኑን፣ በረንዳውን፣ እኔንም ጭምር የኔ ነው ብሎ አላስጠጋቸው አለ። ባለፈው እሑድ ቡቺን ጆሮው ላይ ነከሰው። ወንድሜ ‘ጌታው ማን እንደሆነ ማሳየት ነው’ እያለ ጃክ ባጉረመረመ ቁጥር በዱላ ይመታዋል። እናቴ ‘መልሻቸው’ ትለኛለች። ወዴት ልመልሳቸው?»

መልስ፦

የኔ እህት፣ «ወዴት ልመልሳቸው?» የሚለው ላይ ስደርስ ማንበቤን አቆምኩና ትንሽ ተቀመጥኩ። እውነትሽን ነው። የሚመለሱበት በር የለም። ስለዚህ እዚያው ግቢያችሁ ውስጥ የሚሆነውን እንፈልግ። የሚሆን ነገር አለ ብዬ አምናለሁ፤ ግን በሦስት ሳምንት አይደለም።

መጀመሪያ ዱላው ይቀመጥ። ዛሬውኑ።

ወንድምሽ ክፉ ሰው ስለሆነ አይመስለኝም። ሁላችንም እንዲሁ ሲባል ሰምተን ነው ያደግነው። እኔም አድርጌዋለሁ። ስድስት ኪሎ ስንኖር ነብሮ የሚባል ውሻ ነበረን፤ አጥንት ይዞ ሰው ሲጠጋው ያጉረመርማል፣ እኔም ባጉረመረመ ቁጥር በመጥረጊያ እንጨት አቀምሰዋለሁ። ከጥቂት ወራት በኋላ ማጉረምረሙን ተወ። ተማረልኝ ብዬ ደስ አለኝ። የፋሲካ ማግስት ነብሮ አጥንት እየጋጠ ሳለ የጎረቤት ልጅ በአጠገቡ አለፈ፤ ድምፅ እንኳ ሳያሰማ የልጁን እጅ ነከሰው። ልጁን ይዤ ስሮጥ ነው የገባኝ። ነብሮ «አትጠጉኝ፣ ፈርቻለሁ» የሚልበት አንድ ድምፅ ነበረው፣ ያንን በዱላ ቀማሁት፤ ፍርሃቱ ግን እንዳለ ነበር። የጃክ ማጉረምረም እንግዲህ ማስጠንቀቂያ ነው። ሲያሰማሽ አትቆጪው፤ ቡቺን አርቂና የቸኮልሽው የት ላይ እንደሆነ መለስ ብለሽ እዪ።

ሳህኑ ውስጥ እጅ መክተትም ይቅር። ወንድምሽ እስካሁን ባያደርገው እንኳ አንድ ቀን ማድረጉ አይቀርም፣ ዱላ የመከረው ሰው ይህንንም ይመክረዋልና። እየበላሽ ሳለ ሰው መጥቶ እጁን እንጀራሽ ላይ ቢያሳርፍ በሚቀጥለው ቀን ሳህንሽን አቅፈሽ ነው የምትበይው።

አሁን ጃክን እንየው። ስድስት ዓመት ብቻውን ኖረ። ትርፍራፊው የሱ፣ በረንዳው የሱ፣ ከሥራ ስትገቢ በር ላይ የሚቀበልሽ እሱ። ውሻ በበላበት ይጮኻል ይባል የለ? ጃክም የሚጮኸው በዚያ ነው። በአንድ ምሽት ሁለት እንግዳ አስገብተሽበት፣ እነሱ በመጡ ቁጥር እሱ ዱላ ይቀምሳል። ቡቺን ሲያይ ምን ይሰማዋል ብለሽ ታስቢያለሽ? እንግዶቹም በበኩላቸው ቤታቸው ዓይናቸው እያየ ፈርሶባቸው የመጡ ናቸው። ሦስቱም ፈርተዋል። ሁለቱ ሲፈሩ ይደበቃሉ፣ አንዱ ሲፈራ ይናከሳል፤ መድኃኒታቸው ግን ተቀራራቢ ነው።

ስለዚህ ከዛሬ ማታ ጀምሮ ለያዪያቸው። ግቢው ጠባብ ቢሆንም ይቻላል። የእንጨት ክምሩ ያለበትን ጥግ በዶሮ ቤት ሽቦ አጥረሽ ለቡቺና ለዳማ ስጪያቸው። ቆርቆሮ አትጠቀሚ፤ ወደፊት መተያየት አለባቸው። ለጊዜው ግን ሽቦው ላይ ማዳበሪያ ዘርግተሽ ሸፍኚው። እየተሰማሙ፣ እየተሸታተቱ፣ ሳይተያዩ ይክረሙ። ቢያንስ ሁለት ሳምንት። ይህ ለጤናም ነው፤ የጎዳና ውሻ ምን ይዞ እንደመጣ አይታወቅም፣ መዥገሩም ቁንጫውም የአንጀት ትሉም አለ።

እዚህ ላይ የክትባቱን ነገር ሳልቆጣሽ አላልፍም። ደብዳቤሽ ውስጥ ስለ ክትባት አንድም ቃል የለም። የእብድ ውሻ በሽታ እዚሁ ከተማችን ውስጥ ያለ ነገር ነው። ሰው ላይ ከሚደርሰው እስከ 99 በመቶ የሚሆነው የሚመጣው በውሻ ነው፣ ምልክቱ ከታየ በኋላ ደግሞ የሚተርፍ የለም ማለት ይቻላል። ክትባቱ ከሦስት ወር ዕድሜ ጀምሮ ይሰጣል፣ በየዓመቱ ይታደሳል። ሦስቱንም አስከትቢ። እስከዚያ ግን ውሻ አንዳችሁን ከነከሰ፣ ቢቧጭርም፣ ቁስሉን በውሃና በሳሙና 15 ደቂቃ ሙሉ እጠቡትና በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ሂዱ። አረቄ ማፍሰስ፣ ቡና መነስነስ የለም። የድሮ የአዲስ አበባ ሰው ውሻ ሲነክስ «ፓስተር ውሰዱት» የሚለው ያለ ምክንያት አልነበረም፤ ፓስተር የእብድ ውሻ ክትባት የሚገኝበት ተቋም ነበር። የቡቺን ጆሮም የእንስሳት ሐኪም ይየው፤ የውሻ ጥርስ የሚተወው ቀዳዳ ከላይ ትንሽ መስሎ ውስጥ ያመረቅዛል።

ሐኪሙ ዘንድ ስትሄጂ ዳማን ስለማምከን ጠይቂ። ሁለት ወንድና አንዲት ሴት በአንድ ግቢ ውስጥ ሆነው እሷ ስትፈልግ የሚሆነውን አልነግርሽም። በሁለት ወር ውስጥም ቡችላ ትታቀፊያለሽ።

አሁን ወደ ዳማ። ደብዳቤሽ መጨረሻ ላይ በአንድ መስመር ያለፍሽው ነገር ነበር፤ ጠዋት ጠዋት እናትሽ ግቢውን መጥረግ ሲጀምሩ ዳማ እንደ ጥይት ትሮጣለች ብለሻል። እናትሽ ምን አደረጓት? ምንም። ግን ሰው በአጭር መጥረጊያ ሲጠርግ እንዴት እንደሚቆም አስቢ። ወገቡን ይሰብራል፣ እጁን ወደ መሬት ይልካል። የሰፈር ውሻ ይህን ያውቀዋል፤ ድንጋይ የሚያነሳ ሰው እንደዚያ ነው የሚያጎነብሰው። ድንጋይ መያዝሽን ለማየት አይጠብቅም፣ ጎንበስ ስትዪ ነው የሚሮጠው። እኔ ይህን የተረዳሁት ዘግይቼ ነው፤ ሳህን ላስቀምጥላቸው ባጎነበስኩ ቁጥር የሚሸሹኝ ምግቡን ጠልተው ይመስለኝ ነበር።

እንግዲህ ለዳማ ሳህኑን እሷ ሳታይ አስቀድመሽ አስቀምጪ፣ ወይም ቆመሽ ከርቀት ቁራሽ ወርውሪላት፤ ስትወረውሪም ክንድሽን ሳታነሺ ከጉልበትሽ አካባቢ ለቀቅ አድርገሽ። ከዚያ ዱካ ላይ ጎንሽን ሰጥተሽ ተቀመጪ። ዓይኗን አትዪ። አትጥሪያት። እንደ ሕፃን «ነይ ነይ ነይ» እያልሽ እጅሽን አትዘርጊ። ስልክሽን እያየሽ፣ ሽንኩርት እየላጥሽ፣ ብቻ ዝም ብለሽ ኑሪ። አንድ ቀን ትመጣና ቀሚስሽን አሽትታ ትመለሳለች። ያኔም አትንኪያት። መንካቱ እሷ ስትጠይቅ ነው የሚጀመረው፣ እሱም ከደረቷ ሥር እንጂ ከጭንቅላቷ በላይ አይደለም። እናትሽንም ለጊዜው ያንን ጥግ ሳይጠርጉ እንዲተዉት ለምኚልኝ።

ቡቺ ሻል ያለ ይመስለኛል። ሁለት እርምጃ ያህል ይጠጋሻል ብለሻል። ስለዚህ ከጃክ ጋር መጀመሪያ የሚተዋወቀው እሱ ነው። ሁለቱን አንድ ላይ አታቅርቢበት፤ አንዱ ሲሮጥ ሌላውም ይከተላል፣ የሚሮጥ ነገር ደግሞ ጃክን ለማሳደድ ያነሳሳዋል። ዳማ ሽቦው ውስጥ ሆና ትይ፤ እሷ ከቡቺ ነው የምትማረው።

ከመተያየቱ በፊት የተኙበትን ጨርቅ አለዋውጪ። የነሱን ጃክ ጋ፣ የጃክን እነሱ ጋ። ጃክ ጨርቁን ሲያሸት ቁራሽ ስጪው። ይህ ቀላል ይመስላል፣ ግን ለውሻ ሽታ ማለት ስምም መታወቂያም ነው።

ከዚያ ማዳበሪያውን በየቀኑ አንድ ስንዝር ከፍ አድርጊው። መጀመሪያ እግር ብቻ ይታያል፣ ቀጥሎ ሆድ፣ በመጨረሻ ዓይን። ጃክ ከሽቦው ሲርቅ፣ ገና ሰውነቱ ልል ሳለ፣ ቡቺ ብቅ ይላል፤ ያኔ ለጃክ የተቀቀለ ጉበት ቁራሽ። ቡቺ ገባ? ጉበቱም ቆመ። ቅደም ተከተሉን አታበላሺው እህቴ፤ መጀመሪያ ቡቺ ይታያል፣ ከዚያ ነው ምግቡ የሚመጣው። ምግቡን አስቀድመሽ ከሰጠሽው ቡቺ ሲመጣ እንዳይቀማው የሚከላከለው ነገር ይሆንበታል፣ ጭራሽ ይብስበታል። እኔ የምፈልገው ጃክ ቡቺን ሲያይ ዘወር ብሎ አንቺን እንዲያይ ነው፣ «ጉበቴስ?» እንደማለት። ያንን ቀን ስታዪው ታውቂዋለሽ።

ጉበት ስል ጾም መሆኑን አልዘነጋሁም። እናትሽ ጾመኛ ስለሆኑ የውሻው ድስትና ቢላ ለብቻው ይሁን፣ ውጭ ከሰል ላይ ቀቅዪው። ካልተመቸ ዳቦና የተቀቀለ ድንችም ይሠራል፣ ለጃክ ብርቅ እስከሆነለት ድረስ። ከወጥ የተረፈ ግን አትስጪ፤ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ውሻን ይጎዳል። ጥሬ ሳንባና ጉበትም አይሆንም፤ የውሻ ኮሶ በዚያ ይመጣል፣ ከውሻውም ወደ ሰው ይተላለፋል። በነገራችን ላይ ይህ ጊዜ ለጀመርሽው ሥራ ምቹ ነው። ሥጋ ቤቶቹ አብዛኞቹ ዝግ ናቸው፣ ግቢ ውስጥ አጥንት የለም። የሚጣሉበት ነገር በቀነሰበት ሰሞን ይተዋወቁ። የዓቢይ ጾም 55 ቀን እስኪያልቅ ብዙ መንገድ ትሄጃለሽ።

ምልክቶቹን እወቂ። ሰው የሚያየው ጥርስ ሲገጥና ሲናከስ ነው፣ ከዚያ በፊት ግን ብዙ ነገር ይሆናል። ጃክ ሲበላ ቡቺ ቢያልፍ በመጀመሪያ ማላመጡን ያቆማል። ጭንቅላቱን ሳህኑ ላይ ዝቅ ያደርጋል። ሰውነቱ ደርቆ እንጨት ይሆናል፣ ጭራውም ቀጥ ብሎ ይቆማል። አንገቱን ሳያዞር በዓይኑ ጥግ ያያል፣ ነጩ በጨረቃ ቅርጽ ብቅ ይላል። አንዳንዱ ደግሞ በፍጥነት መዋጥ ይጀምራል። እዚያ ላይ ነው ቡቺን ማራቅ ያለብሽ፤ ከንፈሩ እስኪነሳ አትጠብቂ። ቡቺና ዳማም ይናገራሉ፦ አፍንጫቸውን ይልሳሉ፣ እንቅልፍ ሳይኖር ያዛጋሉ፣ ፊታቸውን ያዞራሉ፣ ጭራቸውን ይወትፋሉ። ይህ «በቃኝ» ነው። በቃኝ ሲሉሽ በቃ።

ያለ ሽቦ የሚገናኙበት ቀን ሲደርስ መሬት ላይ ምንም አይኑር። ሳህን የለም፣ አጥንት የለም፣ የጃክ አሮጌ ኳስም ይነሳ። በረንዳው ላይም አይሁን፣ እሱ የጃክ ነው። ከተቻለ ከግቢ ውጭ ያለው ጸጥተኛ መንገድ ይሻላል፣ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ሰውና መኪና ሳይበዛ፤ ወንድምሽ ጃክን በገመድ ይዞ ከፊት፣ አንቺ ቡቺን ይዘሽ አሥር እርምጃ ያህል ራቅ ብለሽ፣ ሁላችሁም ወደ አንድ አቅጣጫ። ፊት ለፊት አይግጠሙ። ጎን ለጎን የሄደ ውሻ በጊዜው ይለሰልሳል። ግን ቡቺ ገመድ ለምዶ የማያውቅ ከሆነ፣ አይመስለኝም ለምዶ፣ እየጎተትሽ መንገድ አታውጪው። ያመልጥሽና መኪና ይበላዋል። መጀመሪያ ግቢ ውስጥ የአንገት ማሰሪያውን ይልመድ፣ ቀጥሎ ገመዱን መሬት እየጎተተ ይዋል። ካልሆነለት ግቢው ውስጥ ይገናኙ፤ የሽቦው በር ክፍት ይሁንና ሲፈራ የሚገባበት ይኑረው። ሦስት ደቂቃ ይበቃል። ሰላም ሳለ ጨርሺው፤ «እስኪ ትንሽ ደግሞ» የሚለው ነው የሚያበላሸው።

ቢጣሉ እጅሽን መሃል አትክተቺ፣ አንገታቸውንም አትያዢ። አንድ ባልዲ ውሃ ከጎንሽ ይኑር፤ እሱን ድፊባቸው፣ ወይም ብርድ ልብስ ጣዪባቸው፣ ወይም ትሪ ደብድቢ።

አንቺን መቅናቱ ለብቻው ነው። ማታ ቡና ሲፈላ ጃክ እግርሽ ሥር ይተኛል፣ ዳማ ከጥጓ አንገቷን ብቅ ስታደርግ ተነስቶ መሃል ይቆማል ብለሻል። እሱ የያዘው አጥንት አንቺ ነሽ። እንደዚያ ደርቆ ሲቆም ሳትቆጪ፣ ሳታባብዪ፣ ስኒሽን አስቀምጠሽ ወደ ቤት ግቢ። ስትወጪ ደግሞ ተኝቶ ካገኘሽው አጠገቡ ተቀመጪና ዳብሺው። ዳማን አይቶ ዝም ብሎ በተኛ ቁጥር ቁራሹ ይምጣ። ለሱ ብቻ የሚሆን ጊዜም ስጪው፤ ጠዋት ከሥራ በፊት አሥር ደቂቃ፣ ማታ አሥር ደቂቃ፣ ሌላ ውሻ በሌለበት። ሰዎች ለአዲሶቹ እያዘኑ ነባሩን ይረሱታል። ስድስት ዓመት በር ላይ የጠበቀሽ ውሻ ነው።

አፉ ውስጥ ያለውንም አትቀሚው። የተሻለ ነገር አሳይተሽ «ልቀቅ» በዪው፣ ሲለቅ የተሻለውን ስጪውና ብዙ ጊዜ የመጀመሪያውንም መልሽለት። መልቀቅ ማጣት እንዳልሆነ በዚህ ይገባዋል።

ወንድምሽን ከዚህ ሥራ አታስወጪው። ዱላውን ካስጣልሽው ጉበቱን ስጪው፤ ጃክ ከሱ እጅ ጥሩ ነገር መቀበል አለበት፣ እሱም ውሻው ሲለሰልስ በዓይኑ ያያል። እናትሽም ትርፍራፊውን አንድ ቦታ መድፋታቸውን ይተዉ። ሦስት ሳህን፣ ሦስት ቦታ፣ ማንም የማንንም የማያይበት። በልተው ሲጨርሱ ሳህኑ ይነሳል። ይህ ከተስማሙ በኋላም ይቀጥላል። እድሜ ልክ ቢሆን ምን ይጎዳል?

ስንት ጊዜ ይፈጃል ካልሽኝ፣ ቤት ለመልመድ ብቻ ሦስት ወር የሚፈልግ ውሻ ብዙ ነው። እንደ ዳማ ያለው ከዚያም ይበልጣል። ሁልጊዜም ወዳጅ አይሆኑም። አንዱ በረንዳ ላይ ሌሎቹ ጥላው ሥር ተኝተው ሳይተያዩ የሚውሉ ከሆነ እኔ ያንን እንደ ሰላም ነው የምቆጥረው። ሞክረሽ ሞክረሽ ጃክ ሳያስጠነቅቅ የሚሄድባቸው ከሆነ፣ ስፌት የሚያስፈልገው ቁስል ካደረሰ፣ ወይም ዳማ ምግብ ካቆመች፣ በፈረቃ ይኑሩ፤ ቀን ጃክ ይፈታ፣ ማታ እነሱ። ያም ካልተቻለ ቡቺንና ዳማን ሳትለያዪ የሚወስድ ሰው ፈልጊ፣ ሰውየውንም ግቢውንም ሄደሽ አይተሽ። ለዚያ ውሳኔ ግን ገና ነሽ።

የፋሲካ ሌሊት ሦስቱንም ለያይተሽ ቆልፊ። ጃክ ለብቻው፣ ቡቺ ለብቻው፣ ዳማ ለብቻዋ፣ ለየራሳቸው አጥንት ይኑራቸው፤ የዶሮ አጥንት ግን አይሆንም፣ የበሰለ ሲሰበር ይሰነጠቅና አንጀት ይወጋል። ግቢው ተጠርጎ ቅንጥብጣቢው ሁሉ ሳይነሳ ማንም አይፈታ። እንግዳና ሕፃን ሲበዛም እንደዚያው።

ከበዓሉ በኋላ እንዴት እንደሆናችሁ ጻፊልኝ። እናትሽ ሲጠርጉ ዳማ ሳትሮጥ የቆመች ቀን ግን በዓሉን አትጠብቂ፣ በዚያው ቀን ንገሪኝ።